ከዓይኔ ጓሮ የወጣው ስብ

ከሁሉ በፊት ወፍራም መሆኔን ልንገራችሁ፤ ጉዳዩ የስብ ስለሆነ መደበቅ አይቻልም። ባለቤቴ ሰሚራ «ደልደል ያለ» ትለኛለች። ልብስ ሰፊዬ ዝም ብሎ ሜትሩን ይቀጥላል። መርካቶ ውስጥ ስፖንጅና ፍራሽ እሸጣለሁ። ሱቄ ከምን አለሽ ተራ ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ እሰማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ስፖንጅ ላይ እቀመጣለሁ። ጆሮዬ እየተደበደበ መቀመጫዬ እየተንቀባረረ የምኖር ሰው ነኝ ማለት ነው። ስለ ዓይኔ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ሰው ስለ ዓይኑ የሚያስበው ሲያመው ነው፤ የእኔ ደግሞ አሞኝ አያውቅም። ያኔም አላመመኝም። የከፋውም በዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ለዲጂታል መታወቂያ ልመዘገብ የሄድኩ ቀን ነው። መዝጋቢዋ የልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ካሜራውን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣

«አባባ፣ ዓይንዎን በደንብ ይክፈቱ» አለችኝ።

«አባባ» መባሌ ቅር ስላለኝ፣ ገና ጉልበት እንዳለኝ እንዲገባት ዓይኔን እስከቻልኩት ድረስ አፈጠጥኩት። ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ተመልሳ ወደ ኮምፒውተሩ አየች።

«አባባ፣ ዓይንዎ ውስጥ የሆነ ቢጫ ነገር አለ። ይጥረጉት።»

በመሐረቤ ጠረግኩት። «አልወጣም» አለችኝ። እንደገና ጠረግኩት። «አሁንም አለ።» ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው «ኧረ ጋሼ፣ ፊትዎን ቤትዎ ይታጠቡ!» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ልጅቷ ሰለቻትና ከነቢጫዬ መዘገበችኝ።

ሱቄ እንደተመለስኩ ከፍራሾቹ ኋላ የሰቀልኳት ስንጥቅ መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነቷን ነው። በቀኝ ዓይኔ፣ በጆሮዬ በኩል ባለው ጥግ፣ ከላይኛው ቆብ ሥር አንድ ለስላሳ ቢጫ እብጠት ተኝቷል። የባቄላ ክክ ያክላል። ላዩ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ደም ሥሮች አሉት። ወደ አፍንጫዬ ሳይ ይብስ ይወጣል፤ ወደ ውጭ ሳይ ይሸሸጋል። ቀለሙ ቁርጥ የምሸጠው ስፖንጅ ነው።

ወዲያው ገባኝ። ስፖንጅ ነው!

አትሳቁ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ በቢላ የምቆርጥ ሰው ነኝ። ፍርፋሪው የማይገባበት ቦታ የለም። ጆሮዬ ውስጥ ተገኝቷል፣ ካልሲዬ ውስጥ ተገኝቷል፣ ሰሚራ በምሳ ዕቃ የምትልክልኝ ምስር ወጥ ውስጥ ገብቶ ሥጋ መስሎኝ ለረጅም ጊዜ አኝኬዋለሁ። ዓይኔን የሚያከብርበት ምን ምክንያት አለው?

ማታ ቤት ገብቼ ለሰሚራ ነገርኳት። መብራቱ ሥር አስቀመጠችኝና የሻሿን ጫፍ በውሃ አርሳ እብጠቱን ነካ አደረገችው። ወደ ውስጥ ገባ። እጇን ስታነሳ ተመልሶ ወጣ። ደግማ ነካችው፤ ገባ። ለቀቀችው፤ ወጣ። እጇን ሰበሰበች።

«ስፖንጅ ነው አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ ስፖንጅ ነው» አለችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ሰሚራ ስትዋሽ ሁልጊዜ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች። ብዙ ቆየች፤ ግን ድስትም ሳህንም ሲንኳኳ አልሰማሁም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነች እንዲገባችሁ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ጋሽ ከድር ታላቄ ነበሩ። ሱቁን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ከገጠር አምጥተው ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ በግራ ዓይናቸው፣ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ቅላት ወጣች። «አቧራ ነው» አሉ። ቆይተው «ፀሐይ ነው» አሉ። ከዚያ ጥቁር መነጽር ገዙ። ከመነጽሩ በኋላ የሚያይም የሚጠይቅም ስላልነበረ ምክንያት መስጠታቸውም ቀረ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ለምነው፣ ተጣልተው፣ አልቅሰው ሐኪም ቤት ሲያደርሷቸው ነገሩ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዓይኑ መውጣት አለበት ተባለ። ጋሽ ከድር «ዓይኔን ለማንም አልሰጥም» ብለው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ ፋሻቸውን የሚቀይሩት እትዬ ዘይነብ ብቻ ነበሩ፤ ሌላ ሰው ወደዚያ ክፍል አይገባም። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲያቃስቱ እሰማ ነበር። ከዚያ ቀበርናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? አስተዋይ የሆነ በማግስቱ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

እኔ መነጽር ገዛሁ።

የሸጠልኝ ሱቅ በደረቴ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ የፓይለት ነው፤ ፀሐይን ራሷን ያጠቁራታል» አለኝ። አልዋሸም። የእኔ ሱቅ ድሮም መስኮት የላትም፤ በፍራሽ ተከብባ መብራት እየበራ እንኳ ጨለምለም ትላለች። መነጽሩን ሳደርግ ጭራሽ ጉድጓድ ሆነች። ያም ሆኖ አላወለቅኩትም።

አባቷ የሞተባት አንዲት ሴት ለለቅሶ ቤት መቀመጫ የሚሆን ጥቁር የፍራሽ ጨርቅ ጠየቀችኝ። ጥቁሩን አውርጄ፣ አጣጥፌ፣ «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ ሰጠኋት። በማግስቱ እንደ መብረቅ መጣችብኝ። ለካ የሰጠኋት ወይን ጠጅ ነው፤ ያውም ነጫጭ አበባ ያለበት። «አባቴ ሞቶ ሰዉን ሙሽራ ቤት ያስመሰለ ነገር ላይ አስቀመጥከው!» ብላ መደዳው እስኪሰማ ጮኸችብኝ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ኩሊ ቁምሳጥን ተሸክሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲመጣ ድምፁን ሰማሁ እንጂ ሰውየውን አላየሁትም። ገፍቶኝ ሲያልፍ የራሴ ስፖንጅ ቁልል ውስጥ ገብቼ ተሰወርኩ። በዚህ ሥራ በመሰማራቴ አላህን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው፤ ብረት ሻጭ ብሆን ኖሮ ይህን አታነቡም ነበር።

ሰፈሩም ዝም አላለም። አንዱ ሚስቱ ደብድባው ነው አለ። አንዱ ጫት ጀምሮ ነው አለ። ሌላው «ሰውዬው ገንዘብ አግኝቷል፤ እኛን ላለማየት ነው» ብሎ ሰላምታ ነሳኝ። እኔ ግን ማንንም የምቀየምበት ልብ አልነበረኝም። የምሞት ሰው ነኛ! ሱቅ ከመክፈቴ በፊት መስታወቷ ፊት ቆሜ ነገርዬውን በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ፤ ይገባል። ሳስነጥስ ይወጣል። ከጋሽ ከድር የተለየ መሆኑ ራሱ አያጽናናኝም። የእሳቸው ቀይ ነበር፣ የእኔ ቢጫ ነው፤ «ይሄ የባሰው ዓይነት ይሆናል» እላለሁ።

ስለዚህ ደግ ሰው ሆኜ ልሙት ብዬ ወሰንኩ። በመርካቶ ደግነት እንደሚያስጠረጥር ግን ረስቼ ነበር። አንድ ደንበኛ ፍራሽ አንስቶ ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እንደ ልማዱ ግማሹን ጠራ። «እሺ፣ ውሰደው» አልኩት። ሰውየው ፍራሹን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ውስጡን በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገው። «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። «ምንም አልሆነም፤ ውሰደው ወንድሜ፣ ይመችህ።» ወደ ኋላ እያየ ወጥቶ ሄደ። ለሰሚራም ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ውሃ የሚያመጣልን ማን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። «ለምን ትነግረኛለህ?» ስትለኝ «እንዲያው ለጨዋታ» እላታለሁ። ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች።

ከሰሚራ ሌላ ሚስጥሬን ያካፈልኩት ለጎረቤቴ ለሸምሱ ብቻ ነው። ሸምሱ ባልዲና ጀሪካን ይሸጣል፤ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ያውቃል፤ እሱ ራሱ ግን ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። መነጽሬን አውልቄ አሳየሁት። አገጬን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረኝ።

«ይሄ ሞራ ነው» አለ።

«የዓይን ሞራ መሃሉ ላይ አይደል እንዴ የሚወጣው?»

«ያንተ ቦታ ስቶ ነው። ጣዝማ ማር ያጠፋዋል። ንጹሕ አለኝ፤ ካገር ቤት የመጣ።»

በማግስቱ በትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ስፖንጅ ላይ ተንጋለልኩ። ሸምሱ ቢስሚላህ ብሎ የዓይኔን ቆብ ገለበጠና በማንኪያ ጫፍ አፈሰሰው።

ጣዝማ ማር ዓይን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በሰው ቋንቋ ልነግራችሁ አልችልም። እሳት ብል ያንሳል። «ያ አላህ!» ብዬ ተነሳሁ። ሸምሱን ገፍትሬ፣ የሱን ባልዲዎች አንኮታኩቼ መንገድ ላይ ወጣሁ። ሁለቱም ዓይኔ ተጨፍኗል፤ አንዱ በማሩ፣ አንዱ ለጓደኛው በማዘን። እንባዬ ይወርዳል። «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያልኩ ራሴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መርካቶ እንዲህ የሚያለቅስ ወፍራም ሰው ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ሞተበት?»

«ማን ሞተበት?» አለ አንዱ። «ወንድሙ» አለ ሌላው። «ወንድሙማ ድሮ ሞቷል።» «እንግዲያ ልጁ ይሆናል።» «ያረቢ! ልጁ!» ልናገር አፌን ስከፍት ሳግ ይቀድመኛል። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጭነው «አላህ ሶብር ይስጥህ የኔ ልጅ» አሉኝ። አንዱ የሱቄን በር በአክብሮት ዘጋልኝ። አንዱ አግዳሚ ወንበር አመጣ። መደዳው ሁሉ እየመጣ መቀመጥ ጀመረ። የምን አለሽ ተራ መዶሻ ሳይቀር ዝም ያለ መሰለኝ። ከኋላ አንድ ሰው ድንኳን የት እንደሚተከል ሲጠይቅ ይሰማኛል። እውነቱን የሚያውቀው ሸምሱ ብቻ ነው፤ እሱም የማሩን ጠርሙስ ኪሱ ከትቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጧል!

ይባስ ብሎ አንድ ቅን ሰው ለእትዬ ዘይነብ ደወለላቸው። «ቶሎ ይምጡ፤ እያለቀሰ ነው፣ ማን እንደሞተ አልናገርም ብሏል።»

እትዬ ዘይነብ ሩቅ አይኖሩም። ሲደርሱ ሻሻቸው ተንሸራቶ አንገታቸው ላይ ወርዷል፤ የተጫሙት ሁለት ዓይነት ጫማ ነው። ሰዉን ገፍተው ገብተው ሁለት ትከሻዬን ያዙ።

«ማነው? ማንን ነው የቀበርከው? ንገረኝ!»

«ማንም አልሞተም እትዬ» አልኳቸው። «ዓይኔ ነው።»

እትዬ ዘይነብ አዩኝ። ከዚያ እግሬ ሥር የወደቀውን ጥቁር መነጽር አዩ። ጎንበስ ብለው አነሱትና አገላበጡት። ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር ማሩ ያጠፋው ዓይኔ እንኳ አይቶታል።

«ክፈት» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ ምንም…»

«ክፈት አልኩህ!»

በአውራ ጣታቸው ቆቤን ገልጠው አዩት። እጃቸው የለመደ እጅ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ስፖንጅ ነው» አልኳቸው።

በጥፊ መቱኝ። መደዳው ሁሉ እያየ፣ እኔን የሚያክል ሰው፣ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣

«በሉ ወደ ሥራችሁ ሂዱ» አሉ። «ገና አልሞተም።»

በማግስቱ ገና ሱቅ ሳይከፈት ቤቴ መጥተው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሰሚራ ልትከተለን ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ እትዬ ዘይነብ ግን «አንቺ ዱዓ አድርጊ፤ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብለው አስቀሯት። ታክሲ ውስጥ፣

«እትዬ፣ ይውጣ ካሉኝስ?» አልኳቸው።

«ይወጣላ።»

«እንዴት እንዲህ በቀላሉ…»

«ይወጣል አልኩህ» አሉና ክንዴን ያዙ። እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

ዓይን ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ሞልቷል። አጠገባችን ጋቢ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ሴት ልጃቸው እንዳያመልጧት ይመስል እጃቸውን ጨብጣለች። ይመር ይባላሉ፤ ከወሎ ነው የመጡት። ልጃቸው ደግሞ ዘሃራ ትባላለች። ሽማግሌው ተጫዋች ናቸው።

«ወንድም፣ አንቱም ለዓይን ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«እኔን እንኳ ይችው ናት የጎተተችኝ። ሐኪሞቹ ይውጣ ይላሉ። ሁለት ይዤ መጥቼ አንድ ይዤ ልመለስ? ሰው ቢጠይቀኝ አዲስ አበባ ጣልኩት ልበል?» ብለው ሳቁ። «አውቶቡስ ተራ ሄጄ የነገውን መኪና ይዤ ወደ አገሬ ነው።»

«አባ፣ አትሄድም» አለች ዘሃራ ቀስ ብላ። ደጋግማ ያለችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

እኔም አብሬ ልስቅ ስል ከጨርቁ ሥር አንድ ሽታ መጣ። አወቅኩት። የወንድሜ በር ላይ ቆሜ የማውቀው ሽታ ነው። ሳላስበው ትንሽ ፈቀቅ አልኩ። እትዬ ዘይነብ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ሽማግሌውን ዝም ብለው ያዩዋቸው ነበር።

ስሜ ተጠራ። ገባን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዙሪያዋን ተለማማጅ ሐኪሞች ቆመዋል። አገጬን መሣሪያው ላይ አሳረፈችኝና ብርሃን ለቀቀችብኝ። «ወደ አፍንጫዎ ይዩ። አሁን ወደ ታች።» ከዚያ ዓይኔን በቆቡ ላይ በጣቷ ጫን ስታደርገው ቢጫው ነገር ብቅ አለ። «አያችሁት?» አለቻቸው። አዩት። አንድ በአንድ እየመጡ ጫን አደረጉት። እኔ የወንድሜን ጀናዛ እያሰብኩ ላብ ያሰጥመኛል፤ እነሱ እንደ በር ደወል እየተጫኑ ያደንቁኛል። አንዱማ ሁለተኛ ዙር መጣ።

«ዶክተር» አልኳት፣ «ይውጣ ከተባለ ይውጣ። ብቻ ቶሎ ንገሪኝ።»

«ስብ ነው» አለች።

«የምን ስብ?»

«የእርስዎ ስብ ነዋ። ሁላችንም ከዓይናችን ኳስ ጀርባ ስብ አለን፤ ዓይንን ደግፎ የሚይዝ። ስቡን የሚከልለው ስስ ሽፋን ከዕድሜ ጋር ይላላል። ደልደል ባሉ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ያኔ ስቡ ሾልኮ ወደ ፊት ይመጣል። እርስዎ ላይ የሆነው ይሄው ነው።»

ሆዴን አየሁት። አንገቴን ዳሰስኩት። ይህ ሁሉ ቦታ አልበቃ ብሎት በዓይኔ በኩል መውጣቱ ነው እንግዲህ! ተለማማጆቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ማየት ከልክሎዎታል?» አለችኝ ዶክተሯ።

«የከለከለኝ መነጽሩ ነው።»

«በሉ እንግዲህ መነጽሩን ይተዉት። ነገርዬው ካስጠላዎት በትንሽ ቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን፤ ካላስቸገረዎት ሊተዉት ይችላሉ፤ እየመጡ እናየዋለን። ቢጠጥር፣ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ቶሎ ቶሎ ቢያድግ ግን እንዳይዘገዩ። እኔን ያሳሰበኝ ይልቅ ይሄ ቅላት ነው። ምን አስገብተውበት ነው?»

«ማር» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

እትዬ ዘይነብ አሁን ወደ ዶክተሯ ጠጋ አሉ።

«ካንሰር አይደለም ልጄ?»

«አይደለም እማማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ስብ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉና ወጡ። እኔ የሁሉንም እጅ ጨበጥኩ። ሁለት ዙር የጫነኝንም አቅፌ ሳምኩት። ትኩሳት እንደለቀቀው ሰው እግሬ ቀሎኝ፣ ለማን መጀመሪያ እንደምናገር ቸኩዬ ተከተልኳቸው።

አቶ ይመር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ሊሄዱ ቆመዋል። ዘሃራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እትዬ ዘይነብ ከፊታቸው ቆመው መንገዱን ዘግተዋል።

«ይቀመጡ» አሏቸው።

«እህቴ፣ መኪናው…»

«ይቀመጡ። የምነግርዎት አለኝ።»

ሽማግሌው በግርምት ተቀመጡ። እትዬ ዘይነብም አጠገባቸው፣ በታሰረው ዓይን በኩል ተቀመጡ።

«ባሌ እንደርስዎ ነበር» አሉ። «እንደርስዎ ይስቅ ነበር። ዓይኔን ለማንም አልሰጥም ብሎ ከዚህ ወጣ። ቆየና ተኝቶ ማደር አቃተው። ቆየና በአፉ መብላት አቃተው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ‹ዘይነብ፣ መብራት አብሪ› አለኝ። ከዚያ ‹ይውጣ በያቸው› አለኝ። ሮጥኩ። እዚህ አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጥኩት። አልፏል አሉኝ። አሁን ቢወጣም ባይወጣም አንድ ነው አሉኝ። ቤት ገብቼ ‹ነገ ያወጡታል› ብዬ ዋሸሁት። ነገን እየጠበቀ ሞተ።»

እኔ ካርዴን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። ጋሽ ከድር እስከ መጨረሻው እምቢ ብለው የሞቱ ነበር የሚመስለን፤ ለቅሶ ላይ እንኳ «ቆራጥ ሰው ነበር» እያልን አውርተናል፤ እትዬ ዘይነብ እየሰሙን።

«በሁለት ዓይኑ ቀበርኩት» አሉ እትዬ ዘይነብ። «ለእኔ አንድ ዓይን ያለው ባል ይበቃኝ ነበር።»

አቶ ይመር ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እህቴ፣ ይሸታል ወይ?» አሉ።

«ይሸታል» አሉ እትዬ ዘይነብ። «ልጅዎ ከወሎ እስከዚህ አጠገብዎ ተቀምጣ መጥታለች። አልነገረችዎትም።»

ዘሃራ ነጠላዋ ውስጥ ተንሰቀሰቀች። ሽማግሌው በደህናው ዓይናቸው አዩዋት፣ እጃቸውን ዘርግተው ራሷ ላይ አሳረፉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንቱስ ወንድም፣ ምን አሉዎት?»

ለመርካቶ ሁሉ ልጮኸው የነበረውን ነገር ድምፄን ቀንሼ፣ «ስብ ነው አሉኝ» አልኩ፣ እንደ ጥፋት።

«እሰይ» አሉ አቶ ይመር። «ከሁለታችን አንዱ እንኳ ይትረፍ እንጂ።»

ስማቸው ሲጠራ ከልጃቸው ጋር ገቡ። በዚያው ሳምንት ዓይናቸው ወጣ። ከተማው ውስጥ ዘመድ ስላልነበራቸው እስኪያገግሙ እትዬ ዘይነብ ቤት ነው የተቀመጡት፤ ፋሻቸውንም የሚቀይሩላቸው እሳቸው ነበሩ። ሕመሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደሆነ ሐኪሞቹ ገና አላረጋገጡም፤ ሽማግሌው ከወሎ ለቀጠሮ ይመላለሳሉ። ባለፈው ሲመጡ ከስተው ነበር። ሳቃቸው ግን ያው ነው፤ እኔን ባዩኝ ቁጥር «ስቡ ደህና ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው። አላስወጣሁትም። ሸምሱ ደግሞ ስብ መሆኑን ከሰማ ጀምሮ «ሞራ ነው አላልኩም?» እያለ በመደዳው ይኩራራል፤ በሽተኛውም በዝቶለታል።

የዚያን ቀን ነገር ግን አልጨረስኩላችሁም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ለሰሚራ ደወልኩ። «ስብ ነው!» አልኳት። አልቅሳ ዘጋችው። ከዚያ አፌ ተከፈተ። ከሞት የተመለስኩ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ዝም ማለት አቃተኝ። ተለማማጁ ሁለቴ እንደጫነኝ፣ ሸምሱ ማሩን ኪሱ ከትቶ እንደተቀመጠ፣ ሰዉ ድንኳን ሊተክልልኝ እንደነበር እያነሳሁ፣ ራሴ እያወራሁ፣ ራሴ እየሳቅኩ ብዙ መንገድ ሄድን። እትዬ ዘይነብ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አላዩኝም።

አንድ ቦታ ላይ ታክሲው በመኪና ተጨናንቆ ቆመ። ያኔ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። ፊታቸውን ግን ከመስኮቱ አላዞሩም።

«ወንድሜ» አሉኝ፣ «ደስ ብሎኛል። ወላሂ፣ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ግን አታናግረኝ።»

መርካቶ እስክንደርስ አላናገርኳቸውም።